ዘንድሮ ዳኮታዋን ብቻ



አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር ሁሉም እንደየአቅሙ ዕቅድ ያወጣል። አንዱ ዘንድሮስ ቤት እገዛለሁ ይላል። አንዱ ሲጋራ አቆማለሁ ብሎ ይምላል። ሌላው አገር ቤት ደርሶ ለመምጣት ከወዲሁ የቲኬት ዋጋ ያጠያይቃል። የእኔ ዕቅድ ግን ለሰው ሲነግሩት የሚያስቅ ስለሆነ እስከ ዛሬ ከቤዝመንታችን ግድግዳ አልፎ አያውቅም ነበር። ዘንድሮ በጋዜጣ ማውጣቱን መርጫለሁ፤ በአደባባይ የተናገሩትን ቃል ማጠፍ ይከብዳልና ነው።

ሥራዬ እዚሁ በሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አየር ማረፊያ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። ከሥራ መልስ ሞዴል አውሮፕላን እሠራለሁ። ይኸውም እውነተኛውን አውሮፕላን በልኩ አሳንሼ፣ ክንፉን ከገላው አጣብቄ፣ ቀለም ቀብቼ መደርደሪያ ላይ አቆማለሁ። «ሽበት ያወጣ ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል» የምትሉ ካላችሁ አልቀየማችሁም፤ ባለቤቴ ከእናንተ ቀድማ ብላዋለች።

ነገሩ የጀመረኝ በልጅነቴ ጎንደር ነው። ዳኮታ አዘዞ ስታርፍ ለማየት ከትምህርት ቤት እየጠፋን እንሄድ ነበር። ዳኮታ የምንላት ዲሲ 3 የምትባለዋን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ነው። አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ፣ ጅራቷን መሬት አስነክታ ስትቆም የተቀመጠች አንበሳ ትመስለን ነበር። ቤት ስንገባ ገላዋን ከበቆሎ አገዳ፣ ክንፏን ከሰርዲን ቆርቆሮ፣ ጎማዋን ከቆርኪ እንሠራለን። በቆርቆሮው የተቆረጠ ጣቴ ላይ ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በስደት ሚኔሶታ ገባሁ። በመጀመሪያው ክረምቴ ከብርድ ለመሸሽ አንድ ሱቅ ስገባ፣ ፕላስቲኩ ተቆራርጦ በካርቶን ታሽጎ የሚሸጥ አውሮፕላን አየሁ። እዚህ ኪት ይሉታል። የዚያን ዕለት ምሳዬን ትቼ አንድ ኪት ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በሽታው በዚያው ያዘኝ።

ለማያውቀው አንባቢ ስለ ልኩ ጥቂት ላስረዳ። ኪቱ ላይ 1/72 ተብሎ ከተጻፈ እውነተኛው አውሮፕላን ከሞዴሉ 72 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። በዚህ ልክ አንድ ረዥም ሰው ቁመቱ አንድ ኢንች ብቻ ይሆናል። ትልልቆቹ የመንገደኛ ጄቶች አብዛኛውን ጊዜ በ1/144 ነው የሚሠሩት፤ አለበለዚያ ቤት አይበቃቸውም። 1/48 የተባለው ደግሞ ትልቅ ነው። የዳኮታ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ1/48 ሲሠራ 60 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ትልቅ የእንጀራ ምጣድ ዳር እስከ ዳር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕቅዱ ልምጣ። ዕቅድ ከማውጣቴ በፊት ግን ያለፈውን ዓመት ሂሳብ ልዝጋ።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ወረቀት 7 አውሮፕላኖች ይዞ ነበር። የጨረስኩት 2 ነው። ሦስቱ ክንፍና ገላቸው ተለያይቶ ጫማ ካርቶን ውስጥ ተኝተዋል። ሁለቱ ጨርሶ አልተከፈቱም። ይህም ሳያንስ በመሀሉ አራት አዳዲስ ኪት ገዝቻለሁ። ይህ በሽታ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ የሙያው ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ፤ ሞዴል ሠሪ ከሚሠራው የሚገዛው ይበልጣል። ካርቶን በገዛን ቁጥር የመሥሪያውን ጊዜና ዕድሜ አብረን የገዛን ይመስለናል። ሻጩ ግን ፕላስቲኩን እንጂ ዕድሜውን አይሸጥም።

ከነዚያ ካልተከፈቱት ሁለቱ አንዷ ዳኮታ ነበረች። እርሷን ደግሞ ለሰው ቃል ገብቼባታለሁ።

ሴዳር አካባቢ ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ውስጥ አንድ አዛውንት ወዳጅ አሉኝ። ስማቸውን መጥቀስ አልፈለጉም፤ እኔም እንደ ወትሮዬ ጋሼ ብያቸው ልለፍ። ጋሼ በ1956 ዓ.ም. ቦሌ ሃንጋር በቆርቆሮ ሠራተኛነት ተቀጥረው ለብዙ ዓመታት የአየር መንገዳችንን አውሮፕላኖች ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ቆርቆሮ ስል የጣሪያ ቆርቆሮ እንዳይመስላችሁ፤ የአውሮፕላኑን ገላ ማለቴ ነው። የተቀደደውን መቁረጥ፣ መጣፍ፣ ሪቬት መምታት ሥራቸው ነበር።

ሪቬት የሚመታው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ከውጭ ሆኖ በአየር በሚሠራ መምቻ ይመታል፤ ሁለተኛው ከውስጥ ሆኖ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል። በመካከላቸው ግድግዳ ስላለ አይተያዩም፤ ጩኸቱ ስለሚበረታም አይሰማሙም። ስለዚህ በማንኳኳት ይግባባሉ። ከውስጥ ያለው አንድ ጊዜ ካንኳኳ «ጨምር» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ካንኳኳ «በቃ፤ ጥሩ ነው» ማለት ነው። ጋሼ ይህን ያጫወቱኝ ቡና እየጠጣን ነበር። እስከ ዛሬ ቡናው ሲጣፍጣቸው ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ያንኳኳሉ፤ ባለቤታቸውም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ሊጠይቋቸው ከመጡ ሰዎች ፊት፣ «ጋሼ፤ ለገና ዳኮታዎን ሠርቼ አመጣልዎታለሁ» አልኳቸው። እርሳቸውም፣ «እስቲ ዓይኔ ሳይደክም አድርሰኝ» አሉ። እኔ የሽማግሌ ጨዋታ መሰለኝ።

ገና መጣ፤ ዳኮታ የለችም። ጥምቀት አለፈ። እኔ በዚያን ጊዜ በሌላ ፍቅር ተይዤ ነበር። 787ን በ1/144 እየሠራሁ ነበር። አየር መንገዳችን ይህን አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ተረክቦ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሲሆን የተሰማኝን ኩራት አልረሳውም። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ጅራቱ ላይ ለማሳመር ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። ብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያራስኩ ገላዋን እንደ መስተዋት አለሰለስኳት። ግንቦት ላይ ስትጠናቀቅ የጋሼን ዕዳ በእርሷ የምከፍል መስሎኝ በፎጣ ጠቅልዬ ይዤላቸው ሄድኩ።

ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ተቀበሉኝ። አውሮፕላኗን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሯት። ቀጥሎ በአውራ ጣታቸው ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ዳሰሷት። ተመልሰው እንደገና ዳሰሷት። ዝም አሉ።

«ጋሼ፤ ምነው? አልወደዷትም?» አልኳቸው።

«ወድጃታለሁ ልጄ፤ ሥራህ ጥሩ ነው። ግን እንደ እንቁላል ለሰለሰችብኝ። ሪቬቶቿ የት ሄዱ?»

«787 ናት'ኮ ጋሼ» ስል የጅራቷን ቀለም እያሳየሁ፣ ባለቤታቸው ከኩሽና ብቅ ብለው በዓይናቸው ጠቀሱኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ ገባኝ። ጋሼ ቀለሙን አያዩትም። መስኮቱ ጋ የተቀመጡት የቀረቻቸውን ጥቂት ብርሃን ፍለጋ ነው። ሕመሙ ግላኮማ ነው። ከዓመት በፊት፣ «ዓይኔ ሳይደክም» ሲሉኝ እየደከመ እንደነበር ያውቁ ነበር። እኔ ብቻ አላወቅሁም።

እዚህ ላይ ከጨዋታዬ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልናገር። ግላኮማ ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም። ዓይንን ከአንጎል የሚያገናኘውን ነርቭ እየጎዳ፣ በመጀመሪያ ከጎን በኩል ያለውን እይታ ቀስ በቀስ ይወስዳል። ሰውየው መኪና ይነዳል፤ ጋዜጣ ያነባል፤ ደህና ነኝ ይላል። የጠፋው እይታ ደግሞ አይመለስም። በጊዜ ከተገኘ ግን በሚጨመር ጠብታ ወይም በሌላ ሕክምና የቀረውን ማቆየት ይቻላል። በእኛ በጥቁሮች ላይ በብዛትና በለጋ ዕድሜ እንደሚከሰት ሐኪሞች ይናገራሉ። ስለዚህ 40 ዓመት ያለፋችሁ ሁሉ፣ ምንም ባይሰማችሁም እንኳ ዓይናችሁን ታዩ። ጋሼም ይህን ጻፍልኝ ብለውኛል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የዚያን ቀን ወደ ቤቴ ስነዳ ሁለት ነገር አሰብኩ። አንደኛው፣ የጋሼ ጣት አልተሳሳተም። እውነተኛው 787 ገላው በአብዛኛው ከካርቦን ጭረትና ከሙጫ በአንድነት የተጋገረ በርሜል ስለሆነ፣ በድሮው የአሉሚኒየም ገላ ላይ ይመቱ ከነበሩት በሺህ የሚቆጠሩ ሪቬቶች ብዙዎቹ የሉበትም። ዕድሜያቸውን ሪቬት ሲመቱ የኖሩት ሰው፣ ሪቬት የማያስፈልገውን ዘመን በአውራ ጣታቸው ዳስሰው አወቁት። ሁለተኛው፣ እኔ እስከዚያ ቀን የሠራሁት ሁሉ ለዓይን ነበር። ለጋሼ የምሠራው ግን ለጣት መሆን አለበት።

ካርቶን ውስጥ የተኛችውን ዳኮታ አውጥቼ አየኋት። 1/72 ናት፤ አዲስ ሥራ ናት፤ መጋጠሚያዋ ሁሉ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ወደ ውስጥ ተቦርቡሯል። ለዓይን በጣም ታምራለች፤ ለጣት ግን እርሷም እንቁላል ናት።

መፍትሔው የተገኘው ሐምሌ ላይ ነው። በሴንት ፖል አንድ አሮጌ ሞዴል ሠሪ አርፎ ቤተሰቡ ዕቃውን ጋራዡ ውስጥ ይሸጥ ነበር። ከካርቶኖቹ ሥር ሞኖግራም የሚባለው ኩባንያ ከ40 ዓመት በላይ በፊት ያወጣው የ1/48 ዳኮታ ተቀምጦ አገኘሁ። የድሮ ኪት መጋጠሚያውና ሪቬቱ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ጉብ ጉብ ያለ ነው። የዛሬ ሠሪዎች ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት ይቆጥሩታል። እውነትም ነው፤ በትክክለኛ ልኩ ቢሆን አንድ ሪቬት ከጤፍ ፍሬ በጣም ያነሰ መሆን ነበረበት። አጠገቤ የነበረ ፈረንጅ ካርቶኑን ስይዝ አይቶ፣ ያን ሁሉ ጉብጉብ በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቅ ክረምቱ ያልቅብሃል ብሎ መከረኝ። አመስግኜው 15 ዶላሬን ከፈልኩ። ሌላው የሚፍቀው ነገር ነበር እኔ የምፈልገው።

እንግዲህ የዘንድሮ ዕቅዴ ይኸውላችሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ አውሮፕላን ብቻ ነው።

ለምን ዳኮታ ብሎ ለሚጠይቅ ወጣት አንባቢ እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር በተደረገ ስምምነት በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ሥራ የጀመረው ከጦርነቱ በተረፉ 5 ሲ 47 አውሮፕላኖች ነው። ሲ 47 የዳኮታ የጦር ሠራዊት ስሟ ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። ቦሌ ገና አልነበረም፤ አውሮፕላን ማረፊያው ልደታ ነበር። ወንበሮቹ በግራና በቀኝ ግድግዳ የተደረደሩ አግዳሚዎች ነበሩ፤ በመካከል ዕቃ ይታሰር ነበር። በ1949 ዓ.ም. ግድም ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን የሆኑት በዚችው አውሮፕላን ነው። መንገድ ያልገባባቸውን ብዙ የክፍለ ሀገር ከተሞች ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኘችው፣ ሣር ሜዳ ላይ እያረፈች ሰውና ደብዳቤ ያመላለሰችው እርሷ ናት።

ለዚህ ለምንኖርበት ከተማም ዳኮታ እንግዳ አይደለችም። መናኸሪያው ሚኒያፖሊስ የነበረው ኖርዝ ሴንትራል አየር መንገድ የሚድዌስትን ትንንሽ ከተሞች ያገናኝ የነበረው በዲሲ 3 ነው። ከነዚያ አንዷ ከ80 ሺህ ሰዓት በላይ በርራ ዛሬ በሚሺጋን በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅላ ትታያለች። ኖርዝ ሴንትራል ሪፐብሊክ ሆነ፤ ሪፐብሊክን ኖርዝዌስት ገዛው፤ ኖርዝዌስት ደግሞ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ዴልታ ገባ። ስሙ ሁሉ ሲያልፍ አውሮፕላኗ ቀርታለች።

ሥራው በሚኔሶታ የአየር ጠባይ መሠረት ተከፋፍሏል። ቀለም የምነፋው ጋራዥ ውስጥ ስለሆነ፣ ብርዱ ጠንከር ሳይል እስከ ጥቅምት አጋማሽ የቀለሙ ሥራ መጠናቀቅ አለበት። ቀዝቃዛ ቀለም በደንብ አይይዝም፤ ቤት ውስጥ ልንፋ ብል ደግሞ ከባለቤቴ ጋር ያለኝ ሰላም ያበቃል። ቀለሙም ስስ መሆን አለበት፤ ከወፈረ ሪቬቱን ይሞላዋል።

ከኅዳር እስከ ጥር በረዶው ሲዘጋን ሞተሮቹን እሠራለሁ። የዳኮታ ሞተር እያንዳንዱ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 14 ሲሊንደሮች አሉት። ሁሉም በጣት ጫፍ እንዲቆጠሩ እፈልጋለሁ። ፕሮፔለሩ በእጅ ሲገፋ እንዲዞር፣ በስተግራ ከኋላ ያለው ትልቁ የዕቃ በር እንዲከፈትና እንዲዘጋ አደርጋለሁ። ጎማዎቹም ይዞራሉ። ዳኮታ ጎማዋን ስታጥፍ እንኳ ሙሉ በሙሉ አትደብቀውም፤ ጥቂት ከሥር ይታያል። መሪ ጅራቷና አንዳንድ የክንፎቿ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች በብረት ሳይሆን በሸራ የተሸፈኑ ስለነበሩ ከሌላው ገላ ይለያሉ፤ በዚያ ቦታ ሸካራነቱን ለመለወጥ ስስ ጨርቅ እለብጣለሁ። አርማና ጽሕፈት ብዙውን ጊዜ ዲካል በሚባል ስስ ተለጣፊ ነው የሚሠራው፤ ዲካል ግን አይዳሰስም። ስለዚህ አንበሳውን ልጄ ትምህርት ቤቷ ባለው የፕላስቲክ ማተሚያ ልትሠራልኝ ተስማምታለች። ዋጋዋ አንድ ሳምንት ዕቃ አለማጠብ ነው።

ከሁሉ በላይ የምጨነቀው ግን ስለ አንዲት ጥፍ ነው። ጋሼ ወጣት ሳሉ አንዲት ዳኮታ ክፍለ ሀገር ድንጋያማ ሜዳ ላይ አርፋ ሆዷ ተቀዶ መጣች። ከአለቃቸው እርዳታ ሳይጠይቁ ብቻቸውን ለክተው የቆረጡት የመጀመሪያ ጥፍ እርሱ ነበር።

«ስፋቱ ምን ያህል ነበር ጋሼ?» ብላቸው እጄን ሳብ አድርገው መዳፌ ላይ በጣታቸው አራት ማዕዘን ሳሉ።

«ወርዱም ቁመቱም አንድ ክንድ። ማዕዘኑን አጠፍ አጠፍ አደረግሁት፤ ሹል ማዕዘን ይሰነጥቃል። ሪቬቱ ሁለት ረድፍ ነው።»

ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። አንድ ክንድ 48 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ለ48 ሲካፈል አንድ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሂሳቡ እንዲህ ገጥሞልኝ አያውቅም። ያቺን አንድ ሴንቲ ሜትር ከሁሉ አስቀድሜ እሠራታለሁ፤ የት እንዳለች ግን አልነግራቸውም። ራሳቸው ዳብሰው ያግኟት።

የቀሩትስ? አንባቢ ልብ ቢልልኝ አልተውኳቸውም፤ ወረፋ ሰጥቻቸዋለሁ። ከዳኮታ ቀጥላ «ፀሐይ» ትመጣለች። ፀሐይ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ሉድቪግ ቬበር በሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ መሪነት አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው አውሮፕላን ናት። ጣሊያኖች በወረራው ወስደዋት በአገራቸው ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ቆይታ፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። ኪቷን በደረስኩበት ሱቅ ሁሉ ጠይቄ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ከባዶ ፕላስቲክ ቆርጬ ልሠራት ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ያረፈችው ፈረንሣይ ሠራሿ ፖቴዝ 25 አለች። ነሐሴ 12 ቀን 2021 ዓ.ም. 100 ዓመቷ ይሞላል። እስከዚያ ጊዜ አለን። ፀሐይም ፖቴዝም ይጠብቁኛል። ጋሼ ግን 80 ዓመት አልፏቸዋል።

ቀኑን መጋቢት 30 ልበለው ብዬ አስቤ ነበር፤ የመጀመሪያው በረራ መታሰቢያ ስለሆነ ያምራል። ባለቤቴ ሰምታ፣ «እንደገና ቀን ልትቆርጥላቸው ነው? ባይሆን እሑድ እሑድ የሠራኸውን እየወሰድክ አሳያቸው» አለችኝ። ከመላው ዕቅዴ የተሻለው ሐሳብ ይህ ነው፤ የእኔ ግን አይደለም።

በጳጉሜን እሑድ ሁለቱን ክንፎች ብቻ፣ ቀለም ሳይነካቸው ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የቡና ስኒ ገፋ አድርገው ቀኙን ክንፍ ተቀበሉኝ። ከጫፉ ጀምረው አውራ ጣታቸውን በሪቬቱ መስመር ላይ ነዱት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚቆጥሩ ይመስለኛል። ከሞተሩ ትንሽ ወዲያ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና ቆመ።

«እዚህ ጋ ቀበቶ ነበር» አሉ።

«የምን ቀበቶ?»

«የውጩ ክንፍ ከመሀሉ ጋር የሚታሰረው እዚህ ላይ ነው። በሪቬት አይደለም፤ በብዙ ብሎን ነው። በብሎኑ ላይ ዙሪያውን ቆርቆሮ ቀበቶ ይታሰርበታል። አንተ አጥፍተኸዋል።»

እውነታቸውን ነበር። ኪቱ ላይ ያቺ ቀጭን ጉብታ ነበረች። የዘመናት ልማዴ ይዞኝ፣ የመጋጠሚያ ጉድለት መስላኝ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አለስልሻታለሁ። ፎቶግራፍ ሳገላብጥ ያላየሁትን ጣታቸው አገኘው።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ጋሼ ክንፉን በጥንቃቄ አስቀመጡና ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ አንኳኩ። አንድ ጊዜ ብቻ። ባለቤታቸው ከኩሽና ሆነው ሳቁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓታችን ታውቋል። በሃንጋር ሕግ ሠራተኛው የሠራውን ራሱ አያጸድቅም፤ ኢንስፔክተር አይቶ ሳይፈርምበት አውሮፕላኑ አይወጣም። እኔ ሠራተኛ ነኝ፤ ጋሼ ኢንስፔክተር ናቸው። እሑድ እሑድ ከሥራ እንደወጣሁ አንድ አንድ ክፍል ይዤ እሄዳለሁ። ሁለት ጊዜ ያልተንኳኳለት ክፍል ቀለም አይነካውም፤ የቀበቶዋም ሥራ ተጀምሯል።

በመጨረሻ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በቤታችሁ፣ በአልበማችሁ፣ አባታችሁ ወይም አያታችሁ ከዳኮታ ጋር ቆመው የተነሱት ፎቶግራፍ ካለ፣ በተለይ አንበሳውና ጽሕፈቱ ከየት ላይ እንደነበረ የሚያሳይ ከሆነ፣ ይህን ጋዜጣ ካገኛችሁበት ምግብ ቤት ኮፒውን ተዉልኝ። ዋናውን አትስጡኝ፤ እርሱ ለልጆቻችሁ ነው። እኔም ዳኮታዋ በተጠናቀቀች ጊዜ፣ እዚሁ ጋዜጣ ላይ ተመልሼ ስንት ጊዜ እንደተንኳኳ እነግራችኋለሁ።

መልካም አዲስ ዓመት። ቸር ይግጠመን።